ከውጭ የመጣው ቫይታሚን ደም ሲያሳንስ

ሻንጣው ሲከፈት ሽቶው ለእህት፣ ጫማው ለወንድም፣ የቫይታሚኑ ብልቃጥ ለእማዬ። «በቀን አንድ ዋጪ፣ ለጉንፋን ጥሩ ነው» ይባላል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ መጠኑን ሳያነቡ ከብልቃጡ ዚንክ የሚባለውን ማዕድን መዋጥ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባ ልማድ ነው። ለአዋቂ በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ጣሪያው 40 ነው። አንዳንዱ ኪኒን ግን ብቻውን 50 ይይዛል። ለጥቂት ቀን ምንም ላይል ይችላል፤ ለወራት ሲዋጥ ግን የአንጀት ሴሎች አንድ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ፣ ያ ፕሮቲን ደግሞ ከዚንኩ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዝና ሴሎቹ ሲረግፉ መዳቡን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አዎ፣ ያው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ። በቀን 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም የሚያስፈልገን፣ ግን እሱ ከሌለ ሰውነት አይረኑን (ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን) በአግባቡ አያንቀሳቅስም። ደም ያንሳል፣ ነጭ የደም ሴልም ይወርዳል።

በተቅማጥ ጊዜ ለልጅ ከኦ አር ኤስ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ ሌላ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ብቻ ስለሆነ እሱን እንዳታቋርጡ።

ሁለተኛ፣ ኪኒን ብቻ መጠርጠር። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች መዳባቸው የወረደ ሕመምተኞችን ታሪክ አሳትመው ነበር። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ ክሬም ነው፤ ዚንክ ነበረበት፣ ሰዎቹም ከመጠን በላይ ይቀቡት ነበር። ጥርሱ ከላላ ማጣበቂያ ከመደራረብ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ማስተካከል ይሻላል። ክሬሙንም ዚንክ የሌለበት ምረጡ።

ሦስተኛ፣ «ደም ማነስ ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይረን መግዛት። ችግሩ የመዳብ ከሆነ አይረን ብቻውን አያድነውም። ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ጋርም በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቤት ያለውን ብልቃጥ ሁሉ፣ ክሬሙንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «ቫይታሚን ነው እንጂ መድኃኒት አልወስድም» የሚለው መልስ ብዙ ያሳስታል።

አራተኛው የሁላችንም ነው፦ አይረን ውጦ ቡና። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ ቀንሷል፣ ሻይ ደግሞ በ64። የሚገርመው፣ ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አላሳየም፤ ከምግቡ 1 ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል አይረኑን ይቀንሳል። የኛ ቡና ደግሞ የሚፈላው ከምሳ በኋላ! ቡናውን ተዉ አልልም፣ ማንስ ይሰማኛል። ኪኒኑን ከቡናው አርቁት፣ በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት። ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻም አብረውት አይዋጡ።

የመጨረሻው፣ እግር ሲደነዝዝ ወይም አካሄድ ሲንገዳገድ «እርጅና ነው» ብሎ መተው። የመዳብ እጥረት ነርቭንም ይጎዳል። ዚንኩ ቆሞ መዳብ ሲተካ ደሙ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል።