ሩቢንና ስፒኔልን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀይ ሩቢና ቀይ ስፒኔል የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የለመደ ዓይን እንኳ ይሳሳታል። ሰው ለብዙ ዘመን ሁለቱንም ሩቢ እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘውድ ግንባር ላይ ያለው፣ «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የሚባለው ትልቅ ድንጋይ ስፒኔል ነው። ዛሬ መለያ መሣሪያ ሞልቷል። ነገሩ የሚበላሸው አለካኩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በቀለም መፍረድ ነው። የሁለቱም ቅላት የሚመጣው ከክሮሚየም ስለሆነ «ይሄኛው ደመቅ ብሏል፣ ሩቢ ነው» ማለት አያስኬድም። የአልትራቫዮሌት መብራትም ብዙ አይረዳም። ሁለቱም ቀይ ሊያበሩ ይችላሉ፤ ብረት የበዛበት ሩቢ ደግሞ ጭራሽ ላያበራ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ጥንካሬን በመፋቅ መሞከር። በሞህስ መለኪያ ሩቢ 9፣ ስፒኔል 8 ነው። ይህን አይቶ አንዱን በሌላው የሚፍቅ ሰው አለ። አደራ፣ አያድርጉት! ተቆርጦ በተወለወለ ድንጋይ ላይ የወጣ ጭረት እንደገና ካልተወለወለ አይጠፋም። በዚያ ላይ የሞህስ ቁጥር ደረጃ እንጂ መጠን አይደለም። በአልማዝ 10 እና በሩቢ 9 መካከል ያለው ርቀት፣ በ9 እና በ8 መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል።

ካራትን እንደ ስፋት መቁጠርም የተለመደ ነው። ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም። የሩቢ አንጻራዊ እፍግታ (እኩል መጠን ካለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) 4.00፣ የስፒኔል 3.60 ገደማ ነው። ስለዚህ ካራታቸውና አቆራረጣቸው እኩል ከሆነ ስፒኔሉ ገዘፍ ብሎ ይታያል።

ይህን እፍግታ ለማወቅ ድንጋዩ በአየርም በውሃ ውስጥም ይመዘናል። የአየር ክብደቱ፣ ውሃ ውስጥ በቀነሰው መጠን ይካፈላል። 2.00 ካራት የሆነ ሩቢ ውሃ ውስጥ 1.50 ያነባል፤ 2.00 ለ0.50 ሲካፈል 4.00። እሰየው። አሁን ድንጋዩ 0.50 ካራት ብቻ ይሁን፤ ሚዛንዎም እስከ 0.01 ካራት ብቻ የሚያነብ ይሁን። የቀነሰው 0.12 ከሆነ ውጤቱ 4.17 ይሆናል፣ 0.13 ከሆነ 3.85፣ 0.14 ከሆነ 3.57። በአንዲት አሃዝ ፈቀቅታ ሩቢው ስፒኔል ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋም ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው አረፋውን በቀጭን ብሩሽ ያራግፉት። ለትንሽ ድንጋይ ግን ባይተማመኑበት ይሻላል።

እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው አንድ ጊዜ ለክቶ መደምደምን ነው። ሩቢ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ስፒኔል አይከፍለውም። በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም በብርሃን አሰባበር መለኪያ ላይ ሩቢ 1.762 እና 1.770 ገደማ ሁለት ንባብ ይሰጣል፤ ስፒኔል 1.718 ገደማ አንድ ብቻ። አንዴ አንብበው 1.76 ቢያገኙ «ሩቢ ነው» ብለው አይዝጉት። ጋርኔት የሚባለው ሌላ ቀይ ድንጋይም እዚያው አካባቢ ሊያነብ ይችላል፣ እሱ ግን ንባቡ አንድ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ከመሣሪያው ሳያነሱ ቀስ እያሉ ግማሽ ዙር ያዙሩት፤ ንባቡን የሚያሳየው የጥላ ጠርዝ ሲንቀሳቀስ ይከታተሉ። መብራቱም ቢጫ ይሁን። በነጭ መብራት ጠርዙ ባለቀለም ሆኖ ይደበዝዛል።

ድንጋዩ በሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል እየተዞረ የሚታይበት ፖላሪስኮፕም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሩቢ በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ ይበራል፣ አራት ጊዜ ይጨልማል። ስፒኔል እንደጨለመ ይቀራል። ሆኖም ሩቢም በአንድ አቅጣጫ ሲያዩት አይበራም። ቆራጮች ደግሞ ቀለሙ እንዲያምር ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰፊውን የላይ ገጽ ለዚያው አቅጣጫ ያደርጉታል። ከላይ ብቻ ያየ ሰው ሩቢውን ስፒኔል ይለዋል። በጎንም አጋድመው ይዩት።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ብቻ ድንጋዩን የተፈጥሮ ነው ማለት። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኑይ በነበልባል ሩቢ የሚሠራበትን ዘዴ በ1902 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። የዚህ ሩቢ ጥንካሬ፣ እፍግታና ብርሃን አሰባበር ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳዎት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ነው። የታጠፉ መስመሮችና ክብ የጋዝ አረፋዎች ካዩ ድንጋዩ ከነበልባል የወጣ ነው። በተፈጥሮ ሩቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታዩት እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መርፌ መሳይ ክሮች ናቸው፤ በተፈጥሮ ስፒኔል ውስጥ ደግሞ ስምንት ገጽ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ አንዳንዴም በመስመር ተደርድረው።