በካሊፎርኒያ ሞግዚት የተሾመለት አዋቂ ድምፅ የሚሰጠው እንዴት ነው?

ፍርድ ቤት ሞግዚት የሾመለት፣ 18 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ዜጋ በካሊፎርኒያ የመምረጥ መብቱን ሞግዚት ስላለው ብቻ አያጣም። ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት መብቱ የሚታገደው፣ ተገቢው እገዛ ቢደረግለት እንኳ በምርጫ የመሳተፍ ፍላጎቱን መግለጽ እንደማይችል ፍርድ ቤቱ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲያረጋግጥ ነው። ማንበብ አለመቻል ወይም የፖለቲካ እውቀት ማነስ መለኪያ አይደለም።

ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አውጥቶ ስለ ምርጫ የተጻፈ ክልከላ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ክልከላ ከሌለ ግለሰቡ እንደማንኛውም መራጭ ይመዘገባል፤ መፈረም ካልቻለም ምልክት አድርጎ፣ ራሱ የመረጠው አዋቂ ምስክር ከምልክቱ አጠገብ የመራጩን ስም ይጽፍለታል።

ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከአሠሪው ወይም ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በስተቀር፣ እስከ ሁለት የሚደርሱ ረዳቶችን ራሱ መምረጥ ይችላል። በእኛ ዘንድ «እኔ እሞላለታለሁ» ማለት እንደ ደግነት ይቆጠር ይሆናል፤ ሆኖም ሞግዚቱ በራሱ ምርጫ የሌላውን ድምፅ መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ ሥራው የተነገረውን ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

መብቱ ቀደም ሲል ታግዶ ከሆነ፣ የመምረጥ ፍላጎቱን ለፍርድ ቤቱ ወይም ጉዳዩን በየጊዜው ለሚያጣራው የፍርድ ቤት መርማሪ በማሳወቅ እንዲመለስለት መጠየቅ ይቻላል።