ረቂቃችሁ አልከፈት ሲል፦ ጽሑፍ ስትልኩ የሚገጥሙ የፋይል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ብዙ ወራት የተለፋበት ረቂቅ «ፋይሉ አልተከፈተልንም» በሚል አንድ መስመር ሲመለስ ያበሽቃል። ጽሑፉን ገና ማንም አላነበበውም እኮ። እንዲህ ዓይነቱ መመለስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚቀር ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። የምትጽፉበትን ፕሮግራም የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በወርድም ጻፉ፣ በጎግል ዶክስም፣ ስልካችሁ ላይም፣ እንደሚመቻችሁ። የምትልኩትን ፋይል ዓይነት የሚወስነው ግን ተቀባዩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአሳታሚውን ወይም የመጽሔቱን መመሪያ አንብቡ፤ ስለ ፋይል ምንም ካላለ ዶክኤክስ (ስሙ በ.docx የሚያልቅ ፋይል) ላኩ። ዶክኤክስ ከወርድ 2007 ጀምሮ የወርድ መደበኛ ፋይል ነው፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል፤ ወርድ የሌለው አርታኢም በሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል።

ተቀባዩ ፋይሉን መክፈት አቃተው

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፋይሉ በጻፋችሁበት ፕሮግራም የራሱ ፎርማት መቀመጡ ነው። በአፕል ኮምፒውተር ላይ በፔጅስ የሚጽፍ ሰው ሴቭ ሲያደርግ የሚያገኘው የፔጅስ ፋይል ነው፤ ወርድ ደግሞ እሱን አይከፍትም። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤክስፖርት ቱ»፣ ቀጥሎ «ወርድ» ብላችሁ አውጡት። ጎግል ዶክስ ላይ ከሆናችሁ ሊንክ አትላኩ። ሊንኩን የከፈተው አርታኢ ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ኢሜይላችሁን እስክታዩ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ይሄዳል። «ፋይል»፣ «ዳውንሎድ»፣ «ማይክሮሶፍት ወርድ» በሉና ፋይሉን ራሱን አያይዙ።

ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሰዎች ፋይላችሁ ኦዲቲ (.odt) ነው። ጥሩ ፎርማት ነው፤ ወርድም ይከፍተዋል። ግን ፋይል የሚቀበሉ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ዝርዝራቸው ውስጥ ስለማያስገቡት ኦዲቲውን ለራሳችሁ ዋና ቅጂ አድርጋችሁ ያዙና ለመላኪያ በ«ሴቭ አዝ» ዶክኤክስ አውጡ። ያወጣችሁትንም አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ተመልከቱት፣ በተለይ ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ ካለው።

እባካችሁ የፋይሉን ስም ጫፍ በእጅ አትቀይሩ። ኦዲቲ የሚለውን አጥፍቶ ዶክኤክስ ብሎ መጻፍ ውስጡን አይነካውም፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው፣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ኮምፒውተር ደግሞ ፋይሉ ተበላሽቷል ሊለው ይችላል።

አሮጌው ዶክ፣ ማለትም የወርድ 97 እስከ 2003 ፋይል፣ አሁንም ይከፈታል። ነገር ግን ወርድ ከላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ኮንቨርት» ብትሉት ይገላገላል። ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያለበት ፋይል ከሆነ ደግሞ የቫይረስ መከላከያ መንገድ ላይ ሊያስቀረው ስለሚችል ማክሮ የሌለው ዶክኤክስ አድርጋችሁ ላኩ።

አማርኛው ሌላ ነገር ሆኖ ታየ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ሰው ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጎ ነው የሚያየው።

የመጀመሪያው፣ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ መታየቱ ነው። ይሄ አያስደነግጥም። ጽሑፉ ደህና ነው፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት አለመኖሩ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ግን ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣው ኢብሪማ ነው፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደግሞ በነጻ የሚወርዱ ናቸው። ከነዚህ በአንዱ ጻፉ። ሌላ ፎንት የግድ ካስፈለጋችሁ ዊንዶውስ ላይ ባለው ወርድ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያደርገውን ምልክት አድርጉበት። የፎንቱ ፈቃድ የሚከለክል ከሆነ ግን አይሠራም።

ሁለተኛው ይከፋል። ጽሑፉ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና እንግዳ ምልክት የተቀላቀለበት ሆኖ ይመጣል። ይሄ የሚሆነው ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረው አሠራር ሲጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል ስዕል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ዓይናችሁ «ለ» ሲያይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሌላ ምልክት ነው። ፎንቱ ካለ ያምራል፣ ፎንቱ ከጠፋ እውነተኛው ማንነቱ ይወጣል።

መለያው እንዲህ ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ የብራውዘራችሁ መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ፔስት አድርጉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ካልሆነ ፎንት መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ ከዚያ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ከለወጣችሁ በኋላ ደግሞ ሙሉውን አንብቡት። ቁጥሮች፣ ትእምርተ ጥቅሶችና በመሃል የገቡ የላቲን ቃላት የሚበላሹት እዚህ ጋ ነው፤ መቀየሪያው የትኛው ላቲን እውነተኛ ላቲን እንደሆነ ሁልጊዜ ሊለይ አይችልም። ፒዲኤፍ አድርጌ ልላከው ብላችሁም አትሽሹ። ለዓይን ይስተካከላል፣ አርታኢው ግን አንድ ቃል ኮፒ ሲያደርግ ያው ቅልቅል ነው የሚወጣለት።

ዩኒኮድም ሆኖ አንድ ትንሽ የምትመስል ጣጣ አለች፦ አራት ነጥብ። አንዳንዱ ትክክለኛውን «።» ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ «፡፡» ያደርጋል፣ አንዳንዱ የላቲኑን ኮለን ደጋግሞ «::» ይላል። ስክሪን ላይ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጽሐፉ ገጽ ሲቀናበር አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ገጹን ያዥጎረጉረዋል። ኮንትሮልና ኤች ተጭናችሁ «፡፡» ንም «::» ንም በ«።» ተኩ። «፡-» ንም በዚያው በ«፦» ተኩት። ነጠላውን ኮለን ግን በጅምላ አትተኩ፤ ሰዓትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

እኔ ጋ ያማረው ገጽ እዚያ ተዘበራረቀ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 አንድ ላይ ተጫኑ። ወርድ የተደበቁትን ምልክቶች ያወጣላችኋል፣ እያንዳንዱ ስፔስ ነጥብ፣ እያንዳንዱ ኢንተር የአንቀጽ ምልክት ሆኖ ይታያል። «ምዕራፍ ሁለት» ከሚለው በላይ የአንቀጽ ምልክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት። አዲሱን ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ ገጽ የገፋችሁት በኢንተር ነው። ተቀባዩ ጋ ፎንቱ በትንሹ ከተለየ ወይም የገጹ መጠን ከኤ4 ወደ አሜሪካኖቹ ወረቀት ሌተር ከተቀየረ፣ ሌተር በቁመት 18 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያጥር፣ ርዕሱ የገጽ መሃል ወይም ግርጌ ላይ ይወድቃል።

ኢንተሮቹን አጥፉና ኮንትሮልና ኢንተር ተጫኑ፤ ትክክለኛ የገጽ መቁረጫ ይሄ ነው። የአንቀጽ መጀመሪያን በስፔስ አታስገቡ፣ የአንቀጽ ሴቲንግ ውስጥ «ፈርስት ላይን» የሚል አለ። ርዕሶችን በእጅ ከማድመቅና ከማተለቅ ይልቅ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» የሚሉትን ስታይሎች ስጧቸው። ማውጫውም በራሱ ይወጣላችኋል፣ ገጽ የሚያቀናብረውም ሰው ርዕሱን ከጽሑፉ ለይቶ ያውቀዋል።

ከዚህ ውጭ አታስጊጡት። ባለቀለም ርዕስ፣ ጌጠኛ ፍሬም፣ ሁለት ዓምድ፣ ይሄ ሁሉ ገጽ አቀናባሪው መጀመሪያ የሚያጠፋው ነገር ነው። ረቂቅ ለንባብና ለእርማት የተዘጋጀ ነው፤ የመጽሐፉን መልክ ሌላ ሰው ይሠራዋል።

ፒዲኤፍ ላኩ፣ አልቀበልም ተባሉ

ፒዲኤፍ ከ1993 ጀምሮ የተሠራበት ዓላማ ገጹ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው። ለዚህ ወደር የለውም። እርማት ለሚሠራ አርታኢ ግን የተቆለፈ በር ነው። ፒዲኤፍ የሚላከው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ላቴክ በሚባለው ጽሑፍን በኮድ በሚያቀናብር ፕሮግራም የጻፋችሁ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ለግምገማ ፒዲኤፍ፣ ከተቀበሏችሁ በኋላ ደግሞ የኮዱን ፋይል ትልካላችሁ። አርቲኤፍ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁም በ«ሴቭ አዝ» ይወጣል፤ ያረጀ ፎርማት ነው፣ ቀላል ጽሑፍ ግን በደንብ ይሸከማል።

የተሰረዘ ነገር ታየብኝ፣ ስሜም ወጣ

ይሄ ከሁሉም የሚያሳፍረው ነው። ወርድ ላይ «ኖ ማርክአፕ» ስትሉ እርማቱ ከዓይናችሁ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ጓደኛችሁ ዳር ላይ የጻፈው «ይሄ አንቀጽ አይረባም» የሚል ኮሜንትም እዚያው አለ። ጎግል ዶክስ ላይ ያልተወሰነባቸው የእርማት ሐሳቦችም ወደ ዶክኤክስ ሲወጡ ትራክ ቼንጅስ (የወርድ የእርማት ምልክቶች) ሆነው ይመጣሉ። «ሪቪው» ውስጥ ገብታችሁ እርማቶቹን አንድ በአንድ እዩና ተቀበሉ ወይም ጣሉ፣ ኮሜንቶቹን አጥፉ፣ ትራክ ቼንጅስን ዝጉ።

ገምጋሚው ስማችሁን ማወቅ የሌለበት መጽሔት ከሆነ ሽፋኑ ላይ ስም ማጥፋት አይበቃም። ፋይሉ ራሱ የጸሐፊውን ስም ይይዛል። ቅጂ አውጡና በቅጂው ላይ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቼክ ፎር ኢሹስ»፣ «ኢንስፔክት ዶክዩመንት» በሉ፤ የግል መረጃውን አግኝቶ ያጠፋላችኋል። በቅጂው ላይ የምለው የጠፋው ሁሉ ስለማይመለስ ነው። የፋይሉንም ስም እዩት፤ ስማችሁ እዚያ ላይ ከተጻፈ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ፎቶው ደበዘዘ፣ ዋቢው ተበታተነ

ፎቶ ለኅትመት በተለምዶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ላይ ለሚታተም ፎቶ ወደ 1,180 ፒክስል ማለት ነው። ወርድ ፋይሉን ሴቭ ሲያደርግ ፎቶዎችን ሊጨምቅ ስለሚችል ዋናዎቹን ለብቻ ላኩ። በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን።

ዞቴሮ በሚባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የገባ ዋቢ ከወርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ሲሻገር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከመሻገራችሁ በፊት የዞቴሮ «ዶክዩመንት ፕረፈረንስስ» ውስጥ ወደ ሌላ ፕሮግራም የመቀየሪያ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ለመጨረሻው መላኪያ ደግሞ ቅጂ ላይ «አንሊንክ» ብታደርጉት ዋቢው ተራ ጽሑፍ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የሚበላሽ ነገር የለውም።

ከአርታኢው ጋር ሲመላለስ ፋይሉ እየባሰበት ሄደ

እናንተ በጎግል ዶክስ፣ አርታኢው በወርድ፣ ሦስተኛው ሰው በሊብሬኦፊስ ሲከፍተውና ሲዘጋው በየዙሩ የሆነ ነገር ይነቃነቃል፤ አንዴ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር፣ አንዴ የሠንጠረዥ ስፋት። የእኔ ምክር፣ እርማት ከተጀመረ በኋላ አርታኢው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ያዙ፤ እስከዚያ ግን በሚመቻችሁ ጻፉ። ለብቻው ለሚጽፍ ሰው ነጻው ሊብሬኦፊስ ከበቂ በላይ ነው። አብረው ለሚጽፉ ጎግል ዶክስ ይመቻል። በየዙሩ ፋይሉን ቀን እየሰጣችሁ አዲስ ስም አውጡለት፣ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ የመጨረሻ» ብላችሁ አትሰይሙ። ስሙን ባጭሩ በላቲን ፊደል ብታደርጉት ፋይል መቀበያ ድረ ገጾች ላይ አያስቸግርም።

እናንተው ጋ አልከፈት አለ

ዋናውን ፋይል አትነካኩት፣ ቅጂ አውጡ። ወርድ ላይ «ኦፕን» ብላችሁ ፋይሉን ምረጡና ከ«ኦፕን» ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትጫኑ «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ይመጣል። እሱ ካልረዳ በሊብሬኦፊስ ሞክሩት፤ ወርድ እምቢ ያለውን አንዳንዴ ይከፍተዋል።

ሁለቱም እምቢ ካሉ አንድ መንገድ ይቀራል። ዶክኤክስ በእርግጥ የታሸገ ዚፕ ነው። የስሙን ጫፍ ዚፕ ብላችሁ ቀይሩና ክፈቱት፤ ስሙን በእጅ መቀየር የሚሠራበት ቦታ ይሄ ነው። ውስጡ «ወርድ» የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ ያለው «ዶክዩመንት» የተባለው ፋይል ጽሑፋችሁን ይዟል፣ «ሚዲያ» የሚለው ፎልደር ደግሞ ፎቶዎቹን። ዶክዩመንቱን በብራውዘር ወይም በኖትፓድ ክፈቱት። በኮዶች መካከል ዓረፍተ ነገሮቻችሁን ታዩዋቸዋላችሁ፤ እየለያችሁ ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ፋይል ውስጥ ፔስት አድርጉ፣ ስታይሉን እንደ አዲስ ስጡት፣ ከዚያ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩና በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩት።