ሙጫው አልያዘም፣ ቀለሙ ተላጠ፦ ለሞዴል ሥራ ከተራ መደብር ለሚገዙ ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ሞዴሌን ክንፍ ያቀለጥኩት በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ክንፉ ላይ የጣቴ አሻራ አርፎበት ነበር። ጥጥ ነክሬ ጠረግኩት፤ አሻራው ጠፋ፤ በክንፉ ላይ የተቀረጹት ስስ መስመሮችም አብረውት ጠፉ። ማስለቀቂያው የተሠራበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል። ጥፋቱ ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ የገዛሁት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመዋቢያ፣ ከግንባታ ዕቃ፣ ከፋርማሲም ሆነ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ ነገር ከማንሳቴ በፊት ከምን እንደተሠራ አያለሁ።

አብዛኞቹ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴሎች ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናቸው። ከዚህ በታች ካሉት ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ፖሊስታይሪን የሚስማማውንና የሚጎዳውን ካለማወቅ ነው። ስለዚህ የሞዴሉ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ፍሬም አትጣሉ። አዲስ የገዛችሁትን ፈሳሽ፣ ሙጫና ቀለም ሁሉ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ይሁን።

መደብሩን ሁሉ ዞሬ የሚሆነኝን አላገኘሁም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አጠያየቁ ነው። «የሞዴል ዕቃ አላችሁ?» የተባለ ባለመደብር ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ምርጫ የለውም። ዕቃውን በሚሠራው ሥራ ፈልጉት። ሙጫ እስኪደርቅ ሁለት ቁራጮችን አጣብቆ የሚይዝ ነገር ከፈለጋችሁ የልብስ መቆንጠጫና የብር ላስቲክ ይበቃል። ጥቂት ጠብታ ሙጫ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ማድረስ ከሆነ ሐሳባችሁ ስቴኪኒ አለላችሁ።

እኔ ብዙ ያተረፍኩት ከመዋቢያ መደብር ነው። አራት ዓይነት ገጽ ያለው የጥፍር ማለስለሻ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ማብረቂያው ድረስ በቅደም ተከተል ስለተዘጋጀ፣ የተጫረ የሞዴል መስተዋት (ማለትም ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ላይ ሳይቀር ይሠራል። ለዓይን መኳያ የሚሸጠው ቀጭን ብሩሽ ለጥቃቅን ዝርዝሮች፣ የፊት ዱቄት የሚቀባበት ትልቁ ለስላሳ ብሩሽ አቧራ ለማራገፍና ደረቅ ቀለም ለማሸት ይሆናል። ቡናማና ጥቁር አይሻዶ ደግሞ በሞተር ጭስ ማውጫ ዙሪያ ጥላሸት ለማሳየት ከብዙ ውድ ዱቄቶች አያንስም። ማሻሻው ስፖንጅ እንኳ አብሮት ይመጣል።

ከፋርማሲ ስሪንጅና አይሶፕሮፒል አልኮል ይገኛሉ። ስሪንጁ ቀለምና ማቅጠኛን በሚሊሊትር ለክቶ ለመቀላቀል ነው፤ መርፌው ሲቆረጥ የመድፍ አፈሙዝ ወይም ቧንቧ ይሆናል (ጫፉን ስትቆርጡ ዓይናችሁን ሸፍኑ)። የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ቦታ በውሃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ2000 ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የመኪና ስቱኮም እዚያው አለ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለስላሳ እርሳስና ባለቀለም ደረቅ ጠመኔ ይገዛል። የእርሳሱ ዱቄት በጥቁር ቀለም ጠርዝ ላይ በጣት ሲታሽ የተጋጠ ብረት ይመስላል። ጠመኔው በብርጭቆ ወረቀት ላይ ተፈጭቶ አቧራና ዝገት ይሆናል፤ ዘይትነት ያለው ዓይነት ግን አይፈጭም፣ ይለጠፋል።

ሙጫው ፕላስቲኩን አልያዘም

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከቤት ዕቃ የቆረጣችሁት ፕላስቲክ በሞዴል ሙጫ ተጣብቆ ያደረ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን በጥፍር ሲነካ ይወድቃል። የሞዴል ሙጫ እንደ ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ደርቆ የሚይዝ አይደለም። ሁለቱንም ገጾች አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። የማያቀልጠውን ፕላስቲክ አያጣብቅም።

መፍትሄው ከዕቃው ሥር ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ማየት ነው። በውስጡ 6 ቁጥር ካለ ፖሊስታይሪን ነውና ከሞዴሉ ጋር ይዋሃዳል። ብዙ የእርጎ ኩባያዎችና አንድ ጊዜ ተገልግለው የሚጥሏቸው ሹካና ማንኪያዎች ይህ ቁጥር አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉምና ገልብጣችሁ ሳታዩ አትመኑ። የሲዲ ማስቀመጫ ጥርት ያለ ፖሊስታይሪን ነው። ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም፤ ስለዚህ በካተር ደጋግማችሁ ከጫራችሁ በኋላ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስበሩት። ሲዲው ራሱ ግን ፖሊካርቦኔት ስለሆነ ከማስቀመጫው ጋር አታምታቱት።

2 እና 5 ቁጥር፣ ማለትም ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን፣ የጠርሙስ ክዳንና የምግብ መያዣ የሚሠራባቸው ናቸው። እነዚህን የሞዴል ሙጫም ሆነ ሱፐር ግሉ በወጉ አይዛቸውም። የግድ ካስፈለጉ ቀዳዳ በስታችሁ በቀጭን ሽቦ ማያያዝ ነው። ሙጫ የማይዛቸው መሆኑ ደግሞ በሌላ በኩል ይጠቅማል፤ የደረቀ ሙጫና ስቱኮ ተፈንቅሎ ስለሚወርድላቸው የእኔ መቀላቀያ ሳህኖች ሁሉ የጠርሙስ ክዳኖች ናቸው። እንደ ባንክ ካርድ ያሉት ጠንካራ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ናቸው፤ ለእነሱ ሱፐር ግሉ ይሻላል።

ፕላስቲኩ ለሰለሰ፣ ፎሙ ተበላ

የክንፌ ታሪክ እዚህ ይገባል። አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። «አሴቶን የለውም» የሚል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስታዩም አትዘናጉ፤ በአሴቶን ፋንታ የሚገባበት ኤቲል አሲቴት ይኸንኑ ያደርጋል። ቲነርም ከዚሁ ወገን ነው። ቅባትና አሻራ ለማጥፋት አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠቀሙ፤ የአክሪሊክ ቀለም ግን አብሮ ስለሚያነሳ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ይሁን።

የመሬት ገጽታ ለመሥራት ከዕቃ ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎምም ፖሊስታይሪን ነው፤ በአየር የተነፋ ስለሆነ ከጠንካራው ይልቅ ቶሎ ይበላል። በቆርቆሮ የሚመጣ የሚረጭ ቀለም ተራራችሁን በደቂቃ ውስጥ ጉድጓድ ያደርገዋል። መጀመሪያ በነጭ ኮላ ወይም በውሃ በሚቀጥን ቀለም አንድም ነጥብ ሳይቀር ሸፍኑት። የመኪና ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) በሞዴሉ ላይ ስትረጩም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በፍሬሙ ላይ ሞክሩ፤ ካልጎዳውም በስሱ፣ እያደረቃችሁ ድገሙት።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላስ? አትንኩት። የለሰለሰ ፕላስቲክ በጣት ሲነካ ይብሳል። ለጥቂት ቀናት ተዉት፤ ሲጠነክር በስቱኮ ሞልታችሁ አለስልሱት።

መስተዋቱ ነጭ ጭጋግ ለበሰ

ይህ የሱፐር ግሉ ሥራ ነው። ሲደርቅ የሚወጣው ተን በአካባቢው ባለ ገጽ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል፤ በጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። የአብራሪውን ክፍል መስተዋት በነጭ ኮላ አጣብቁ፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ የተረፈውም በእርጥብ ስቴኪኒ ይጠረጋል። ጭጋጉ አስቀድሞ ከያዘው በጥፍር ማብረቂያው ለስላሳ ገጽ፣ ቀጥሎም በጥርስ ሳሙና በትዕግሥት እሹት።

ሱፐር ግሉን ግን ከቤት አታባርሩት። ስንጥቅ ላይ አንድ ጠብታ ጨምራችሁ ቤኪንግ ሶዳ ብትነሰንሱበት ወዲያው ይደርቃል። ሲውል ሲያድር ከፕላስቲኩ ይልቅ እየጠነከረ ስለሚሄድ በዚያው ሰዓት ሞርዱት።

ቀለሙ እንደ ውሃ ጠብታ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅም ይላጣል

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ፋብሪካው ክፍሎቹን ከቅርጽ ማውጫው ለማላቀቅ የተጠቀመበት ቅባትና የእጃችሁ ወዝ ነው፤ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባችሁ አድርቁ። ሁለተኛው ቀለሙ ራሱ ነው። ለሥዕል ትምህርት የሚሸጠው ርካሽ አክሪሊክ በባዶ ፕላስቲክ ላይ የሚቆናጠጥበት የለውም። ፕራይመር ስጡት፣ ከዚያም በአንድ ወፍራም ቅብ ፈንታ በሁለትና በሦስት ስስ ቅብ ቀቡት። እንዲህ ሲደረግለት ከስሙ በላይ ያምራል።

በወረቀት ፕላስተሩ ሥር ቀለም ሰረገ

የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ገጹ የተጨማደደ ነው፣ ጠርዙም በጥቅልሉ ላይ ሳለ አቧራ ይይዛል። መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በአዲስ ምላጭ አዲስ ጠርዝ ቁረጡለት። ሞዴሉ ላይ ከለጠፋችሁት በኋላ ሁለተኛውን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጠርዙን በመጀመሪያው ቀለም ቀቡት፤ የሚሰርገው ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል አይታይም፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ሲነሣ የታችኛውን ቀለም ይዞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊት መዳፋችሁ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ለጥፉት።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፣ ሞዴሉ ግን መጫወቻ ይመስላል

ብዙ ሰው ቀለሙን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ውፍረቱን ነው። በ1/35 ስኬል፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 35 ጊዜ ሲያንስ፣ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ቁመቱ 5 ሳንቲሜትር ነው። በእግሩ ሥር ያፈሰሳችሁት 1 ሚሊሜትር የአሸዋ ቅንጣት ለእሱ 3.5 ሳንቲሜትር ጠጠር ነው፤ በ1/72 ከሆነ 7.2 ሳንቲሜትር። ያፈሰሳችሁት አቧራማ መንገድ ኮረት የተነጠፈበት መስሎ ቢታይ አይገርምም። አፈሩን አድርቃችሁ በሻይ ማጥለያ፣ ቀጥሎም በአሮጌ የናይለን ካልሲ ንፉትና ከታች የወረደውን ዱቄት ብቻ ተጠቀሙ።

ክርም እንዲሁ ነው። 0.3 ሚሊሜትር የልብስ ስፌት ክር በ1/72 አውሮፕላን ላይ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለው ገመድ ይሆናል፤ የጥጥ ከሆነም ፀጉሩ ይቆማል። ፍሬሙን አትጣሉ ያልኩት እዚህም ይጠቅማል። ቁራጩን ከሻማ ነበልባል በላይ እያዞራችሁ አሙቁ፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቃችሁ ሁለቱን ጫፍ ሳቡ። በፍጥነት ከሳባችሁት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ለአንቴናና ለክንፍ ማሰሪያ ሽቦ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላየሁም፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙከራዎች ቢበጠሱም አትናደዱ።

ለሸራና ለማሰሪያ ጠፍር የጽሕፈት ወረቀት አትጠቀሙ። 0.1 ሚሊሜትር ቢሆንም በ1/35 ስኬል 3.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል 0.016 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያም በላይ የታጠፈበትን እጥፋት ይዞ ይቆያል። ለሸራ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ የጠጣ ሶፍትም ጥሩ ነው።

በተለጣፊው ሥር ብርማ ነጸብራቅ ይታያል

ተለጣፊ የምለው በሞዴሉ ላይ የሚለጠፉትን ምልክቶችና ቁጥሮች ነው። ደብዛዛ ቀለም ሻካራ ነው፤ በሻካራው ውስጥ የቀረው አየር ያበራል። ከመለጠፋችሁ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀቡ። ነጭ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ ከሥሩ ብትቀቡ ተለጣፊውን በመጠኑ ስለሚያለሰልሰው ገጹ ላይ ይተኛል።

የቤኪንግ ሶዳው በረዶ ቢጫ ሆነ

በኮላ የተያዘ ቤኪንግ ሶዳ ከጊዜ በኋላ መልኩን ይቀይራል። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ይሁን፤ ለዓመታት ለሚቀመጥ ግን አልመክረውም።

ጭስና የሚቆጠቁጥ ሽታ

ይህ ሲሆን ሞዴሉን ተዉትና መስኮት ክፈቱ። የክሮም ሽፋን ለማንሣት በረኪና ይሠራል፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም የደረቀ አክሪሊክ ያነሣል። ሁለቱ ግን አንድ ዕቃ ውስጥ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የፈሰሰ ሱፐር ግሉንም በጥጥ አትጥረጉ፤ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ቆዳ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል።

ርካሹን ፍለጋ የማልሄድባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የካተር ምላጭ፣ የፕላስቲክ ሙጫና አንድ ቀጭን ጥሩ ብሩሽ። ደነዝ ምላጭ ይንሸራተትና ጣት ይቆርጣል፤ ፀጉሩ የሚረግፍ ብሩሽም ቀለሙ ላይ እየተጣበቀ ያስለቅሳል።

ቤቱ በቁርጥራጭ ሞላ

በመጨረሻ ሁላችንም የምንደርስበት ችግር ነው። ምክንያቱ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ነው። እኔ ሦስት ሳጥን አለኝ፤ ባለ 6 ቁጥር ፕላስቲክ፣ ሽቦና ብረት፣ ዱቄትና አፈር። ከሦስቱ ያልገባ ነገር የሚሠራበትን ቦታ በሞዴሉ ላይ በጣቴ ማሳየት ካልቻልኩ ይጣላል። የእርጎ ኩባያዎቹ ግን አሁንም ከሳጥኑ ተርፈው መደርደሪያው ላይ ናቸው።