ለድሬ ጆሮ የሚመች ጊዜያዊ ፓስወርድ

ደንበኛ የራሱን ሲረሳ በሜሴጅ የሚላክለት ጊዜያዊ ፓስወርድ በዓይን ብቻ አይነበብም። በስልክ ይነገራል፣ በእስክሪብቶ ካርቶን ላይ ይጻፋል፣ ልጅ ለእናቱ ጮክ ብሎ ያነብላታል። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተቀምጬ የማስተዳድረው ድረ ገጽ የጅምላ ዕቃ ማዘዣ ነው። ደንበኞቹ መጋላ፣ ታይዋንና ሳቢያን በሚባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ያሉ ባለሱቆች ናቸው። ብዙዎቹ ሜሴጁን የሚቀበሉት በቁልፍ ስልካቸው፣ ድረ ገጹን የሚከፍቱት ደግሞ በልጃቸው ስማርት ስልክ ነው። ስለዚህ ፓስወርዱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የሚሻገረው በአፍ ነው።

ሲስተሙን ስረከብ የሚልከው ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የተደባለቀበት ነበር። መጋላ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ይቺ ክቧ ኦ ናት ዜሮ?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ቀጥ ያለችውስ? አንድ ናት ኤል?» እውነታቸውን ነው። በብዙ ስልክ ላይ ትልቁ አይ፣ ትንሿ ኤልና ቁጥር አንድ ለዓይን ይምታታሉ። ይህን ሰውየው ጠንቅቆ በማንበብ አይፈታውም፤ የሚፈታው ፓስወርዱን የሚሠራው ሰው ነው።

የምመክረው ዘዴ ይኸውና። ፓስወርዱን በነጠላ ፊደላት አትሥሩት፣ በክፍለ ቃል ሥሩት። አንድ ተነባቢ፣ አንድ አናባቢ፣ ደግሞ ተነባቢ፣ ደግሞ አናባቢ። አራት ክፍለ ቃልና መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥር። ለምሳሌ ባሙሪጎ 47፣ ወይም ታዊሞዱ 83። የሚጻፈው በላቲን ነው፣ የሚነበበው ግን እንደ ፊደል ገበታችን ነው። በሀ ሁ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን አንዴ ሰምቶ ይይዘዋል።

ታዲያ ለምን በራሱ በግዕዝ ፊደል አናደርገውም ትሉ ይሆናል። ሰውየው «ሰ» ብሎ ሲያነብ እሳቱ ሰ ይሁን ንጉሡ ሠ ሰሚው አያውቅም። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው፤ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ኮምፒውተር ደግሞ እነዚህን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

ዋናው ሥራ ተነባቢዎቹን መምረጥ ነው። ድሬ ውስጥ ደንበኛችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ሦስቱንም ይናገራል። ሶማሊኛ ውስጥ የፒ፣ የቪ እና የዜድ ድምፅ የለም፤ ፒን ቢ ብሎ የሚሰማ አለ። ስለዚህ ሦስቱም ይውጡ። ኤክስና ሲ ደግሞ ባሰባቸው። ኤክስ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጠ ናት፣ በሶማሊኛ ጽሕፈት ከጉሮሮ የምትወጣው ሐ ናት። ሲ በቁቤ ጨ ናት፣ በሶማሊኛ ዐይን ናት፣ እንግሊዝኛ የተማረው ደግሞ አንዴ ሰ አንዴ ከ ይላታል። ኪውም በቁቤ ቀ ስለሆነች ከኬ ጋር ታጋጫለች። ኤችም ትሂድ፤ ሃ ሲሉት ኤክስ የሚጽፍ ሶማሊኛ አንባቢ ይኖራል። ጄ ትውጣ፣ ምክንያቱም ጂ የምትባለው ፊደል ድምፅዋ ገ ሆኖ ስሟ ጂ ነው። ኤል በመልኳ ምክንያት ትወጣለች። ኤን የምትወጣው መስመር ሲቆራረጥ ሙ እና ኑ ስለማይለዩ ነው፤ ኤምን አስቀሩ። ዋይ ከአይ ጋር ስለምትምታታ አትጠቅምም።

የሚቀሩት አሥር ናቸው፦ በ፣ ደ፣ ፈ፣ ገ፣ ከ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ተ፣ ወ። ከአናባቢ ኤ፣ አይ፣ ኦ እና ዩን ያዙ፤ ባ፣ ቢ፣ ቦ፣ ቡ እያሉ የሚሄዱትን ማለቴ ነው። «ኢ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ጣሏት። ስሟ ኢ፣ ድምፅዋ ኤ ስለሆነ በስልክ የማያልቅ ክርክር ታመጣለች። ከቁጥር ዜሮ፣ አንድና አምስት ይውጡ፣ ሰባት ይቀራሉ። ሁሉም ፊደል ትንሹ ይሁን። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሰርቨሩ ሲቀበል ወደ ትንሽ ይቀይር፣ በመሃልና በዳር የገባ ክፍት ቦታም ያጥፋ። ከሜሴጅ ኮፒ የተደረገ ፓስወርድ ጅራቱ ላይ ባዶ ቦታ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው።

አሁን ሒሳቡ። አሥር ተነባቢ በአራት አናባቢ 40 ክፍለ ቃል ይሰጣል። አራቱ ሲደረደሩ 2,560,000፤ በሁለቱ ቁጥሮች ማለትም በ49 ሲባዛ 125,440,000። ለቋሚ ፓስወርድ ይህ ያንሳል። ለጊዜያዊ ግን አጥር ካለው ይበቃል። ለአስተዳዳሪ አካውንት አንድ ክፍለ ቃል ጨምሩ፣ ከአምስት ቢሊዮን ያልፋል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሁሉም ክፍለ ቃል እኩል ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1993 የሚነበብ ፓስወርድ የሚያወጣ ደረጃ አውጥቶ ነበር፣ ኤፍ አይ ፒ ኤስ 181 የሚባል። በዓመቱ ተመራማሪዎች አንዳንዱ ቃል ከሌላው እጅግ አብዝቶ እንደሚወጣና አጥቂ ከዚያ እንደሚጀምር አሳዩ። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2015 ተሽሯል። ስለዚህ እንግሊዝኛ እንዲመስል ብላችሁ ፊደል አታዳሉ። ዕጣውንም ከትክክለኛ ምንጭ አውጡ፦ ድረ ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ ፒ ኤች ፒ ከሆነ ከ7 ጀምሮ ያለው ራንደም ኢንት፣ ፓይተን ከሆነ ከ3.6 ጀምሮ ያለው ሲክሬትስ፣ ጃቫስክሪፕት ከሆነ የክሪፕቶው ጌት ራንደም ቫልዩስ። የጃቫስክሪፕቱ ማዝ ራንደም ለጨዋታ ነው፤ ጥቂት ውጤቶቹን ያየ ሰው ቀጣዩን ማስላት ይችላል። በባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር፣ የምትሠሩ ከሆነ 256 ለ40 ሲካፈል 16 ይተርፋል፣ በዚህም የመጀመሪያዎቹ 16 ክፍለ ቃላት አብዝተው ይወጣሉ። ከ240 ጀምሮ ያለውን ጥላችሁ እንደገና አውጡ። ራንደም ኢንትና ሲክሬትስ ይህን ራሳቸው ያደርጉታል።

አጥሩ ምንድን ነው? አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፍ። አንዴ ብቻ ይሥራ፣ ሰውየው እንደገባም የራሱን እንዲያወጣ ይገደድ። ዳታቤዝ ውስጥ እንደ ቋሚው ፓስወርድ በቢክሪፕት ሃሽ ይደረግ፣ ማለትም ተመልሶ ወደማይፈታ ኮድ ይቀየር፣ ሎግ ፋይል ላይም አይጻፍ። ለጊዜው ገደብ እኔ እስከ ነገ በዚሁ ሰዓት እሰጣለሁ። ሩብ ሰዓት የሚሰጡ አሉ፤ እኛ ጋ አያስኬድም። ድሬ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል። ልጁም ከትምህርት ቤት የሚመለሰው በኋላ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ጊዜያዊው ስለተላከ ብቻ የድሮውን ፓስወርድ አታጥፉ። አለዚያ የጎረቤቱን ስልክ ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ «ረስቻለሁ» የሚለውን እየነካ ሰውየውን ከገበያው ማስወጣት ይችላል። የድሮው የሚሞተው አዲሱ ሲወጣ ነው። በሰዓት የሚላከውንም ወስኑት፣ ሜሴጅ ገንዘብ ነው።

ሜሴጁ ላይ ከላቲኑ ጎን አነባበቡን በፊደላችን ጻፉ፦ «ሲነበብ ባሙሪጎ 47»። የሚያነብ ሰው አይንተባተብም። ቁቤ የለመደ ሰው ባን ሲሰማ ኤዋን ሁለቴ ሊጽፋት ስለሚችል፣ አናባቢ እንደማይደገም በስልክ ለሚመልሱ ሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው። ሒሳቡን ግን ልብ በሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አንድ ሜሴጅ 160 ሆሄ ይይዛል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሩት።

በመጨረሻ የሚከለከሉ ቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል። ክፍለ ቃላት ሲገጣጠሙ ስድብ ወይም ነውር ሊወጣ ይችላል፣ ያውም በሦስት ቋንቋ። አርባዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስታጣምሩ 1,600 ይሆናሉ። ዝርዝሩን አትማችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አፍ መፍቻቸው ለሆኑ ሦስት ሰዎች ስጡና የማይባለውን ይሰርዙላችሁ። ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡትንም እዚያው ጠይቋቸው። ሲስተሙ የተሰረዘ ካገኘ ሙሉውን ጥሎ ከመጀመሪያው ያውጣ፤ አንዷን ክፍለ ቃል ብቻ እየቀየረ አይለጥፍ፣ እኩልነቱን ያበላሸዋል።