ጎልደን ዊክ ላይ ጃፓን ለምትገኙ

ጎልደን ዊክ የሚባሉት የጃፓን የፀደይ በዓላት ኤፕሪል 29 ጀምረው ሜይ 3፣ 4 እና 5 ይደረደራሉ። ከሦስቱ አንዱ እሑድ ከዋለ ሜይ 6ም ሥራ ዝግ ነው፤ በ2026 እንዲሁ ነው። በጎልደን ዊክ ኖዞሚ ፈጣን ባቡር ወንበሩ በሙሉ በቅድሚያ የሚያዝ ስለሆነ፣ ቲኬቱን ልክ ከወር በፊት በጃፓን ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10:00) ሽያጩ እንደተከፈተ ቁረጡ። ወንበር ያልያዘ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ሻንጣ ላለው ደግሞ ስቃይ ነው።

ወደ ካሚኮቺ ተራሮች የግል መኪና አይገባም፤ ሳዋንዶ አቁማችሁ አውቶቡስ ያዙ። ከሸለቆው በላይ ያለው መንገድ ገና በረዶ ስለሆነ፣ ያለ በረዶ ጫማ ወንዙን ተከትሎ መንሸራሸሩ ይሻላል።

ሩቅ መሄድ ካልፈለጋችሁ፣ ሜይ 4 የአረንጓዴ ቀን ነውና ቶኪዮ የሚገኘው የሺንጁኩ ግዮኤን መናፈሻ መግቢያው ነጻ ነው። ምንጣፍና ምሳ ይዛችሁ ግቡ፤ አልኮልና ኳስ ግን ክልክል ነው።