ጋፒዎቼ ቆመው መወዛወዝ ያቆሙት እንዲህ ነው

20 ሊትር በሚይዘው አኳሪየሜ (የዓሣ ማሳደጊያ የመስታወት ገንዳ) ያሉት ጋፒዎች፣ ማለትም ትናንሽ ጌጠኛ ዓሣዎች፣ ክንፋቸውን ሰብስበው አንድ ቦታ ላይ ይወዛወዙ ነበር። ይዋኛሉ፣ ግን ወደፊት አይሄዱም። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይትን፣ ለካሁ፤ ሁለቱም ዜሮ። ሙቀቱን ወደ 26 ዲግሪ ከፍ አደረግኩ፤ ለውጥ የለም። ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ደግሞ ጭራሽ አባሰባቸው። ፍንጩ የተገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የቧንቧውን ውሃ ራሱን በጂኤች (በውሃ ውስጥ ያለ የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን) መለኪያ ጠብታ ስለካው 3 የጂኤች ዲግሪ ብቻ ወጣ። ካልሲየምና ማግኒዥየም በጣም ያንሰዋል፤ ጋፒ ደግሞ የሚስማማው ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው።

አንድ እፍኝ የተፈጨ ኮራል (ካልሲየም ያለበት የባሕር እንስሳ አጽም) አጥቤ፣ በመረብ ከረጢት አድርጌ ማጣሪያው ውስጥ ከተትኩ። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ዓሣዎቹን አያስደነግጥም። ጂኤች ከፍ እያለ ሲሄድ ክንፋቸው ተዘረጋ፣ መወዛወዙም ቆመ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምቀይረው በትንሽ በትንሹ ነው፤ አለበለዚያ ማዕድኑ በአንዴ ይቀንሳል።